የራህመት ርክክብ

የሐሞት ጠጠሬን አስወጥቼ ከተኛሁበት አልጋ ላይ ነው ይህ ሁሉ የተቀሰቀሰብኝ። የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ የሚገባበት ጊዜ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስትንከባከበኝ የዋለችው ቀጠን ያለች ልጅ ተተኪዋን አስከትላ መጣች። እኔ ዕድሜዬን በነርስነት የፈጀሁ ሴት ነኝና ርክክብ እንዴት እንደሚደረግ ማንም አይነግረኝም። ከእግርጌዬ ቆመው ሙቀቷ ይህን ያህል ነው፣ ግፊቷ ይህን ያህል ነው፣ ጉሉኮሷ ሊያልቅ ነው ተባብለው ይለያያሉ ብዬ ጠበቅኩ። ይህንኑ ተባባሉ። ከዚያ ግን የጠዋቷ ልጅ እጄን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣችና በአዲሷ ነርስ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። «አማና» አለች። «ተቀብያለሁ» አለች ሌላዋ፣ እጄን ጨበጥ አድርጋ። ክው አልኩ። ስፌቴ ገና ሳይደርቅ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ አልጋ ላይ ሆኜ ቀናሁ። ያንን አያያዝና ያንን ቃል ከየት እንዳመጡት አውቄዋለሁና።

የሆስፒታሉ የነርሶች ኃላፊ የገዛ ልጄ ማርታ ናት። ለዚህም ነው ነርሶቹ ወደ ክፍሌ ሲገቡ በጣታቸው ጫፍ የሚራመዱት። በዚያው ዕለት ጠዋት ቀጭኗ ልጅ ደም ሥሬን ስትፈልግ ክንዴን ለመያዝ ስታመነታ አይቼ፣ «ያዢው እንጂ፣ አይነክስሽም!» ብዬ ተቆጥቻት ነበር። ይህች «አይነክስሽም» የኔ ቃል ናት። ስንት ተማሪ አስለቅሼባታለሁ። ማርታም ውሻ ስትፈራ፣ ገንዳ ውስጥ መግባት ስትፈራ፣ የሒሳብ መጽሐፏን ስትሸሽ ይህንኑ እየሰማች ነው ያደገችው። ከሥራ ስትወጣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ መጥታ ተቀመጠች። «እጅ ማቀበሉን ከየት አመጣሽው?» አልኳት፣ እያወቅኩ። «ከኻላ ራህመት ነዋ» አለች፣ ምንም ሳይመስላት። ኻላ በዓረብኛ የእናት እህት ማለት ነው። እኔ ደግሞ እህት የለኝም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ልጄ ቁስሉ ያመመኝ መስሏት ትራሴን አስተካከለችልኝ።

ራህመትና እኔ ጅዳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል በነርስነት እየሠራን፣ በኒ ማሊክ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን ኖረናል። ዘመኑ እዚህ አገር ቤት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ዘመን ነበር፤ የወጣ ሁሉ እንዴት እንደወጣ አይጠየቅም። ከክፍላችን ሥር አንድ የመናዊ ፉልና ተሚስ ይሸጥ ነበር። ተሚስ ሰፌድ የሚያህል ትኩስ ዳቦ ነው፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጠን የጋዜጣው ቀለም ዳቦው ላይ ይታተም ነበር። አንድ ሪያል ይዞ የወረደ ሰው የሁለት ሰው ቁርስ ይዞ ይመለሳል። መስኮቱ ላይ የተገጠመው ማቀዝቀዣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ስለሚያጓራ ቁም ነገር ማውራት ስንፈልግ እናጠፋውና በላብ ተጠምቀን እናወራለን። ሐሙስ ሐሙስ አባያችንን ደርበን በለድ ወደሚባለው አሮጌው ገበያ እንወርዳለን። የእንጨት ሰገነት ያላቸው ቤቶች ጥላ ሥር የህንድ ጨርቅ እየዳሰስን፣ የወርቅ ቤቶቹን መስተዋት እያየን፣ ሳንገዛ እንመለሳለን። ካሴት ግን እንገዛ ነበር። የአየር መንገድ ልጆች ያመጡትን የአገር ቤት ዘፈን አንድ ሱዳናዊ ያባዛልናል፤ በመሐል በመሐል የሱዳን ዘፈን ይቀላቀልበትና ሁለቱንም በቃላችን እንይዘዋለን። ዛሬ ያ ሰፈር ምን እንደሚመስል አላውቅም። በስልክ ፎቶ አሳይተውኝ አንዱንም ጥግ መለየት አቃተኝ።

እኔን ጅዳ ያቆየኝ ግን ፉሉም ካሴቱም አይደለም። ማርታን ገና ጥርሷን ሳትነቅል ጉለሌ ከእናቴ ጋር ትቻት ነው የወጣሁት። አባቷን ያ ዘመን በልቶብኛል፤ ስለሱ አሁንም አላወራም። እናቴ መጻፍ ስለማትችል ባዶ ካሴት ላይ ታወራና በአየር መንገድ ልጆች ትልክልኛለች፤ እኔም በካሴት እመልሳለሁ። በካሴቱ መጨረሻ ላይ ማርታ በቀበሌ ኪነት የተማረችውን መዝሙር ትዘምርልኛለች፤ ስትጨርስ «እማዬ፣ ሰምተሽኛል?» ትላለች። በሆስፒታላችን ቤተሰብ የማምጣት መብት የነበራቸው ሐኪሞችና የክፍል ኃላፊዎች ብቻ ነበሩ። የሁሉም ነርሶች ኃላፊ፣ እኛ ሜትሮን የምንላት፣ ወገቧ ላይ ሰማያዊ ቀበቶ ትታጠቃለች፤ ቤተሰቧንም ታመጣለች። የነበረችው ግብፃዊት ኮንትራቷን ጨርሳ ስትሄድ ቦታው ባዶ ሆነ። ያንን ቀበቶ ከታጠቅኩ ልጄ ትመጣለች። ነገሬ በሙሉ ይኸው ነበር።

ራህመት የደሴ ልጅ ናት። አዲስ አበባ የነርሶች ትምህርት ቤት እኔ ልመረቅ ስል እሷ ጀማሪ ነበረች። አንሶላ አወጣጠር፣ መርፌ አያያዝ፣ ሬሳ መገነዝ ሳይቀር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ለሆስፒታሉ ባለቤት ነግሬ ወደ ጅዳ ያስመጣኋትም እኔ ነኝ። ስሜ ጥሩወርቅ ስለሆነ «እትዬ ጥሩ» ትለኛለች፤ ከኔ ቀድማ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ረጅም፣ ጠይም፣ ድዷን የተነቀሰች፣ ስትስቅ ክፍሉን ሙሉ የምታስቅ ሴት ነበረች። ፊሊፒናዎቹም፣ ህንዶቹም፣ ሱዳኖቹም እኔን ያከብሩኛል፣ እሷን ይወዷታል። መከበር ደህና ነገር ነው፤ ነገር ግን በዕረፍት ሰዓት ሻይ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ እኔን አልፎ እሷ ጋ ነው የሚቀመጠው። እኔ ባልቴት እስክመስል ድረስ የምጠነቀቅለትን ነጭ ቀሚስ እሷ ስትለብሰው ያምርባታል። ልብስ ቀጥ የሚያደርገውን ስታርች እንኳ አታደርግበትም ነበር።

በዚህ ላይ መካ ነበራት። አያቷ ለሐጅ ሄደው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸውና አክስቷ መካ ውስጥ፣ ከሐረሙ፣ ከታላቁ መስጊድ ጎን፣ ጀርወል በሚባለው ሰፈር፣ ተወልዳ እዚያው ወልዳ ትኖራለች። የአክስቷ ባል ለሐጃጆች መቁጠሪያና ሽቶ ይሸጣል። ዕረፍት ሲደርሳት ራህመት ሚኒባስ ይዛ ትሄድና በማግስቱ የዘምዘም ውኃ፣ ሩዝ በሥጋና የዘመድ ወሬ ተሸክማ ትመለሳለች። እኔ ከማቀዝቀዣው ጋር እቀራለሁ። ያኔ ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ደብተር ማለቴ ነው፣ ለሙስሊሙ አረንጓዴ፣ ለሌላው ቡናማ ነበር። መካ መንገድ ላይ ኬላ አለ፤ አረንጓዴ የያዘ ያልፋል፣ ቡናማ የያዘ ይመለሳል። ይህ የሃይማኖታቸው ሥርዓት ነው፤ እኛም ጋ ሁሉም ሰው መቅደስ አይገባም። በኬላው ቅሬታ አልነበረኝም። ቅሬታዬ በራህመት ላይ ነበር። ባዕድ አገር ላይ ዘመድ ያላት፣ ባልጋዋ ላይ ተጋድማ የአክስቷን ልጆች ጨዋታ የምታወራልኝ ሴት ነበረች። እሷ ሳቋን ስትጨርስ እኔ የማርታን ካሴት እከፍታለሁ፤ ያኔ ዝም ትላለች።

በዚያ ሰሞን መንግሥት የሆስፒታሎችን የነርስ አገልግሎት የሚመለከት ደንብ አወጣ። ደንብ ሲባል ሰው ያዛጋል፤ እኔ ግን እንደ ዘፈን ነው የወደድኩት። እስከዚያ ድረስ በኛ ሆስፒታል አንዲት ነርስ ሁለት ፎቅ ትይዛለች፤ ሰው ሲጎድል ጽዳት ሠራተኛዋ ጉሉኮስ ትጠብቃለች። ደንቡ ይህን ከለከለ። በየክፍሉና በየፈረቃው የተመዘገበች፣ ዲፕሎማ ያላት ነርስ በኃላፊነት ትኑር፤ ረዳት ነርስ በሷ ቦታ አትቆጠርም አለ። በጠና የታመመ ሰው ብቻውን አይተው፤ ተተኪዋ ሳትመጣ ወጪዋ ክፍሉን ለቃ አትሂድ አለ። ነርሶቹ ሁሉ፣ የትም ይሥሩ የት፣ በአንዲት ኃላፊ ሥር ይሁኑ፤ ኃላፊዋ በሌለችበት እኩል የተማረች ምክትል ትኑር አለ። ዓረብኛዬ ስለሚንተባተብ ራህመት እያነበበችልኝ ነው ያጠናሁት፤ ማቀዝቀዣውን አጥፍተን። ማን የት እንደሚሠራ፣ ማን በማን እንደሚተካ የደለደልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ነርስ ጨምር ሲባል ፊቱ ይጠቁራል፤ እኔ ደንቡን እየጠቀስኩ አስጨመርኩት። ያ ሆስፒታል ሰው የሚድንበት ቤት የሆነው በኔ ልፋት ነው፤ ማንም መጥቶ ቢጠይቀኝ ይህንን አልደብቅም።

ራህመት ግን በደንቡ ላይ የራሷን ጨመረች። ፈረቃ ሲቀየር በየአልጋው ትዞርና የበሽተኛውን እጅ አንስታ ተተኪዋን ታስጨብጣለች። «አማና» ትላለች፤ ዓረቡም የኛ ወሎዬም የሚያውቀው ቃል ነው፣ አደራ ማለት ነው። ተተኪዋም «ተቀብያለሁ» እስክትል አትለቃትም። ፊሊፒናዎቹ መጀመሪያ ይሽኮረመሙ ነበር፤ በኋላ ያለሱ አይወጡም። እኔ አልወደድኩትም። ጊዜ ይፈጃል፣ ደንቡ ላይም የለም። «ይሄ ሠርግ ነው እንዴ? ሙሽራ ነው የምትድሪው?» አልኳት አንድ ቀን፣ ሰው እየሰማ። ሳቀችና፣ «ምን ላድርግ እትዬ ጥሩ፣ እንዲሁ ጥያቸው ስሄድ ልቤ እሺ አይለኝም» አለችኝ። ከዚያም በዚያው ቀጠለች። ስቆጣት የምትስቅ ሰው አልወድም።

ሐጅ ሲቃረብ ተቆጣጣሪዎች መጡ። ትልቁ ሰውዬ ነጭ ጺም ያላቸው፣ ሲራመዱ የማይሰማ የሒጃዝ ሰው ነበሩ። ከፊት ከፊት እየሄድኩ ሁሉንም አሳየኋቸው። የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ፤ የትኛዋ የት እንደተማረች፣ የታመመች ቀን ማን እንደሚተካት፣ ማዋለጃ ክፍሉ ለምን ተጨማሪ ነርስ እንዳለው። «ማሻአላህ» አሉኝ። ሰማያዊው ቀበቶ ወገቤ ላይ ሲያርፍ ታወቀኝ። የሴቶች ክፍል ስንደርስ ፈረቃ ይቀየር ነበር። ከናይጄሪያ ለሐጅ መጥተው የታመሙ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ የማንንም ቋንቋ አይሰሙም፣ ሰው ሲቀርባቸው ይጮኻሉ። ራህመት የእኒያን ሴት እጅ አንስታ በፊሊፒናዋ እጅ ውስጥ አኖረችና «አማና» አለች። አሮጊቷ ዝም አሉ። «አማና» አሉ እሳቸውም፣ ቃሉን አውቀውት። ሰውዬው ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ። የራህመትን ስምና የየት አገር ሰው እንደሆነች ጠየቁ። የኔን ስም ግን አልጠየቁም። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ አሁንም አልረሳሁላቸውም።

በሳምንቱ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ቢሮው አስጠራኝ። ኡስታዝ ሙኒር የሚባል፣ ሁልጊዜ ሻይ የሚያማስል ግብፃዊ ነበር። «ሲስተር ጥሩ፣ ካንቺ የተሻለ የለኝም» ብሎ ሲጀምር መጥፎ ነገር እንደሆነ ገባኝ። ባለቤቱ መካ ውስጥ፣ የሐጃጆች አውቶቡስ በሚቆምበት በኩዳይ ሰፈር፣ አነስተኛ ቅርንጫፍ ነበረው። ተቆጣጣሪዎቹ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ፈቃድ የሚሠሩ ስለሆኑ ኃላፊዋም አንድ ትሁን ብለዋል። «ኃላፊዋ ኩዳይ እየተመላለሰች ማየት አለባት። የኢቃማሽን ቀለም ደግሞ ታውቂዋለሽ» አለኝ። «ራህመት ልትሆን ነው?» አልኩት። ሻዩን አማሰለ። «ደንቡ እኮ ነው፤ አንቺው ነሽ ያስተማርሽን። ወይም ደግሞ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁለት ቃል ነው። ሰልመሽ ትመሰክሪያለሽ፣ ኻለስ፣ በቃ፣ ደብተርሽ አረንጓዴ ይሆናል። ብዙ ሰው አድርጎታል። ያላ፣ አስቢበት።»

አሰብኩበት። እግዜር ይይልኝ፣ ስለ ሃይማኖት አልነበረም ያሰብኩት፣ ስለ ማርታ ነው። ደግሞም ስለ ራህመት። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ያን የቤተሰብ ኢቃማ ምን ታደርግበታለች? እያልኩ ነደድኩ። ቤት ስደርስ ልብሷን ትተኩሳለች። ማቀዝቀዣውን አጠፋሁና፣ «ራህመት፣ አስተምሪኝ። ምን እንደሚባል ንገሪኝና ነገ ጀርወል አክስትሽ ጋ ደውለሽ ሼኹን ያነጋግሩልኝ» አልኳት። ካውያውን አቆመችው።

«ለምንድነው እትዬ ጥሩ?»

«ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«ለአላህ ብለሽ ብትመጪ ጫማሽን የማወልቅልሽ እኔ ነበርኩ፣ ወላሂ። ለቀበቶ ብለሽ ግን እኔ አላስተምርሽም። ዲኔ እኮ ዩኒፎርም አይደለም። አንቺስ ነገ በማተብሽ ቦታ ባዶ አንገትሽን ስታዪ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ቀበቶውን አንቺ ስለምትፈልጊው ነው!» አልኳት። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። «ያመጣሁሽ እኔ፣ ያስተማርኩሽ እኔ፣ አሁን መንገዴ ላይ የቆምሽው አንቺ! ልጅ ቢኖርሽ ይገባሽ ነበር!»

ራህመት ማቀዝቀዣውን አስነሳችና መተኮሷን ቀጠለች። ሁለት ክንድ በማይሞላ ክፍል ውስጥ፣ ትራስ ለትራስ እየተያየን፣ ሳንነጋገር ሰነበትን። እንጀራ ያጣን ሰዎች ስንመስል የታችኛው የመናዊ ሳይቀር «ተጣላችሁ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ ኡስታዝ ሙኒር እንደገና ጠራኝ። ፊቱ ላይ የተሸነፈ ነጋዴ ፊት ነበር። «አብረሽኝ ሳቂ፤ ምክትል ሆነሻል» አለኝ። ራህመት ኃላፊ እሆናለሁ፣ ግን በአንድ ነገር ብላ ቢሮው ላይ ቆማበታለች። «ደንቡ ኃላፊዋ በሌለችበት እኩል የተማረች ምክትል ትኑር ይላል፤ እኔ ኩዳይ ስሆን ጅዳን የምትይዘው እትዬ ጥሩ ናት፤ እኩል ከሆነች መብቷም እኩል ይሁን፤ ያ ካልሆነ ወደ ኩዳይ አልሄድም፣ ሐጃጁ እየመጣ ነው፣ ሌላ ፈልጉ» ብላዋለች። «የቤተሰብ ኢቃማም ተፈቅዶልሻል። ልጅሽን አምጪ» አለኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ልትመጣ ነው። ደስታው እንደ ውኃ ሙላት መጣብኝ፤ ከሥሩ ደግሞ ያች የማትሞት ቅናቴ ተንቀሳቀሰች። በራሴ ልፋት ባገኘሁት እመርጥ ነበር። እሷው ሰጠችኝ፤ ያውም ጮኼባት፣ ያውም እኔው ባጠናሁት ደንብ። ቤት ገብቼ «አመሰግናለሁ» አልኳት፣ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው። «አብሽሪ እትዬ ጥሩ፣ ይልቅ አልጋ እንግዛላት» አለችኝ። ያ ሰማያዊ ቀበቶ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ለብቻዬ ስሆን ታጥቄ አየሁት፤ ወገቤ ላይ አልደረሰም።

ማርታ የመጣች ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የነበረው ሙቀት ዛሬም ይሰማኛል። የአየር መንገድ ልጅ እጇን ይዛ አወጣቻት። ጉርድ ቀሚስ፣ የሹራብ ካልሲ፣ እናቴ የሠራቻት ሹሩባ። ልጄ ድምፄን እንጂ ፊቴን አታውቅም፤ ትቻት ስሄድ ገና ሕፃን ነበረች። ከነጠላ ጫማዬ እስከ ፀጉሬ አየችኝና ወደ ኋላ ሸሸች። እጄን ዘርግቼ «ነይ እንጂ፣ ምን ያስፈራሻል!» አልኩ፤ ያ ድምፄ ደግሞ ካሴቱ ላይ የሌለ ቁጣ ነበረው። አለቀሰች። አብራኝ የመጣችው ራህመት ተንበረከከች። ከመካ ገበያ የገዛችላትን አሻንጉሊት አሳየቻት፣ ምን እንዳለቻት አላውቅም፣ አሳቀቻት። ከዚያ የልጄን እጅ ይዛ አመጣችና በመዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «አማና፣ እትዬ ጥሩ» አለች። «ተረከቢ።» የአየር መንገዷ ልጅ አለቀሰች፤ በዙሪያችን የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም «ተቀብያለሁ» አልኩ። የገዛ ልጄን፣ አምጬ የወለድኳትን፣ ሌላ ሴት አስረከበችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት አይከብድም። ማርታ በኒ ማሊክ አደገች፤ ዓረብኛዋ ከአማርኛዋ ቀደመ። ከትምህርት ቤት መጥታ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ራህመት ከኩዳይ ስትመለስ ሮጣ የምትጠመጠመው እሷ ላይ ነው፤ ከኔ ጋር ስለምትውል አልናፍቃትም። እኔ ጥርስሽን ፋቂ፣ ደብተርሽን አምጪ የምል ሴት ነኝ፤ ራህመት ደግሞ ቴምርና ታሪክ ይዛ የምትመጣ። በየአልጋው ስትዞር ማርታ ተከትላት ትዞራለች፤ አሻንጉሊቶቿን በመስመር አስተኝታ እጅ ለእጅ ስታስረክባቸው ስንቴ አይቻለሁ። ሐኪም ሁኚ አልኳት፣ ለመንኳት። ነርስ ሆነች። ዘመኑ ተለውጦ አገሬ ስገባ ልጄን ይዤ ገባሁ፤ ራህመት አግብታ ጀርወል አክስቷ ቤት ቀረች። ዛሬም እዚያው ናት። ማርታ በሳምንት በሳምንት ትደውልላታለች፤ ሲሳሳቁ ከሳሎን እሰማለሁ። ቴሌቪዥኑን ከፍ አደርጋለሁ።

እና ያን ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኝቼ ሳለ ማርታ አልተነሳችም። «እማዬ፣ ተቀየምሽ እንዴ? ኻላ ራህመት እኮ ሁልጊዜ ‹ከእናትሽ ነው የተማርኩት› ነው የምትለው» አለችኝ። ዞርኩ። ስፌቴን አመመኝ። «ከኔ? እኔ እንደዚህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም። ውሸቷን ነው። ደውዪላት!» አልኳት። ስልኩን ሰጠችኝ።

«እትዬ ጥሩ!» አለች ራህመት፣ ያ ሳቋ ሳይቀንስ። «ሐሞትሽን አወጡልሽ አሉ። አልሐምዱሊላህ፣ ከእንግዲህ ቁጣው ቀረልን በያ!»

«እሱን ተዪው። እጅ ማቀበሉ የኔ ነው ብለሽ ለልጄ ነግረሻታል?»

«ያንቺ ነዋ።»

«አላስታውስም። ምክትልነቱን እንደሰጠሽኝ ሁሉ ይሄንንም ልትሰጪኝ ነው። አልቀበልም።»

«ኧረ ወላሂ ያንቺ ነው!» አለች። «የመጀመሪያ ቀኔ ነበር እኮ፣ አዲስ አበባ። እሳት ያቃጠለው አንድ ገበሬ ተኝቶ፣ ልነካው ፈርቼ በሩ ላይ ቆሜ አለቅስ ነበር። አንቺ ፈረቃሽ አልቆ ልትወጪ ስትይ አየሽኝ። ተቆጣሽ። እጄን ጎትተሽ የሰውዬው ያልተቃጠለ እጅ ላይ ጣልሽውና፣ ‹ያዢው፣ አይነክስሽም! የኔ ሰዓት አልቋል› ብለሽኝ ሄድሽ። ሰውዬው ጭብጥ አድርጎ ያዘኝ። እስክወጣ አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው እንኳ ሳላስጨብጥ ወጥቼ አላውቅም።»

ቀኑን አላስታውሰውም፤ ገበሬውንም አላስታውሰው። ቃሉን ግን ማንም ሊፈጥረው አይችልም፣ የኔ ነው። ቤቴ የምሄድበት ሰዓት አልፎብኝ፣ ተናድጄ፣ እንደ ዕቃ የጣልኩት ነገር ነበር። እሷ አንስታ አማና አለችው። ለተቆጣጣሪው፣ ለእኒያ አሮጊት፣ ለልጄ፣ ለዚህ ሁሉ ሰው አደረሰችው። ቀናሁባት፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን ይልቅ አሁን ቀናሁባት። «ሄሎ? እትዬ ጥሩ?» ትላለች። «አለሁ» አልኳት። «ስትድኚ ጅዳ ድረስ ብትመጪ እወርድልሻለሁ» አለች። ኬላውን አስታውሳ ነው፤ እሷ ትወርዳለች፣ እኔ አልወጣም። «እመጣለሁ» አልኳት።

በማግስቱ ከሰዓት ፈረቃ ሲቀየር ቀጭኗ ልጅ አንዲት አዲስ ተመራቂ ይዛ መጣች። ሙቀቴን ተነጋገሩ፣ ግፊቴን ተነጋገሩ። አዲሷ ከአልጋዬ ራቅ ብላ ቆማለች፤ የአለቃዋ እናት፣ ቁጡዋ አሮጊት መሆኔን ነግረዋታል መሰለኝ። ቀጭኗ እስክታነሳልኝ አልጠበቅኩም። እጄን ራሴ ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣሁና ወደ ልጅቷ ዘረጋሁት።

«ያዢው» አልኳት። «አይነክስሽም።»